ሮድስ፤ በድንጋይ ላይ የቀረ ማዕረግ

የሽርሽር መርከብ ሮድስ ደሴት የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ በማለዳ ነው። ተሳፋሪው ቁርሱን በልቶ ሲወርድ የአሮጌው ከተማ ግንብ ከፊቱ ተገትሮ ይጠብቀዋል። ማታ መርከቧ ስለምትነሳ ያለው ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ቢሆን ነው። በዚህች ሰዓት ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ408 የተቆረቆረ ከተማ አይቶ መመለስ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።)

አስጎብኚዎች መጀመሪያ የሚያሳዩት የሌለውን ነገር ነው። ማንድራኪ የሚባለው ትንሹ ወደብ አፍ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት የአጋዘን ምስሎች ቆመዋል። የፀሐይ አምላክ የሄሊዮስ ታላቅ የነሐስ ሐውልት አንድ እግሩን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ተክሎ መርከቦች በሥሩ ያልፉ ነበር ይባላል። ሐውልቱስ በእርግጥ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ226 ገደማ በመሬት መንቀጥቀጥ ጉልበቱ ላይ ተሰብሮ ወድቋል። ወደቡ ላይ ተንፈራጥጦ ስለመቆሙ ግን የጥንት ጸሐፊዎች አንዳች አላሉም፤ ወሬው የተሰማው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ይህስ ማንንም ያልጎዳ ተረት ነውና እንለፈው። ኮረብታው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው።

ኮረብታው ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች አለቃ ቤተ መንግሥት አለ። እነዚህ መነኩሴም ወታደርም የነበሩ ሰዎች ከቅድስት አገር ተባርረው ከመጡ በኋላ በ1309 ሮድስን ያዙ፤ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይም ገዟት። በ1480 የቱርክን ጦር መለሱ። በ1522 ግን ሱልጣን ሱሌይማን ራሱ መጣ። ስድስት ወር ያህል ከበባቸው። የማኅበሩ አለቃ ቪሊየ ደ ሊል አዳም በመጨረሻ እጁን ሲሰጥ ሱልጣኑ ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ፈቀደላቸው። ጥር 1 ቀን 1523 በመርከብ ተሳፍረው ሄዱ፤ አብረዋቸው መሄድ የፈለጉ የደሴቲቱ ሰዎችም ተከተሏቸው። በ1530 ማልታን ተቀበሉ። የዛሬ ሽርሽረኛ የሚያደንቃት ቫሌታ በ1565 ከተደረገው ሁለተኛ ታላቅ ከበባ በኋላ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችበት ዣን ደ ላ ቫሌት ቀደም ሲል በቱርኮች ተማርኮ በባርነት መርከብ የቀዘፈ ሰው ነበር። የማልታ መርከቦችንም የሚቀዝፉት ባሮች መሆናቸው ግን እዚያም እምብዛም አይነገርም።

ወደ ሮድሱ ቤተ መንግሥት እንመለስ። ጎብኚው ወፍራሙን ግንብና መንትያ ማማዎቹን አይቶ የመካከለኛውን ዘመን በእጁ የዳሰሰ ይመስለዋል። እውነቱ እንዲህ ነው፦ ቱርኮች ሕንፃውን እስር ቤት አድርገውት ነበር። በ1856 አጠገቡ በነበረው ቤተ ክርስቲያን ሥር የተከማቸ ባሩድ ፈነዳና ቤተ ክርስቲያኑን ሲያወድም ቤተ መንግሥቱንም አፈራረሰው። ዛሬ የምናየው አብዛኛው ክፍል ከ1937 እስከ 1940 በጣሊያኖች የተሠራ ነው። ጣሊያን ደሴቲቱን ከቱርክ የነጠቀችው በ1912፣ በሊቢያ ጦርነት ጊዜ ነበር። የታችኛው ክፍል የጥንቱን መሠረት ሲከተል፣ የላይኛው በአመዛኙ የንድፍ አውጪዎቹ ፈጠራ ነው። ወለሎቹን ያስጌጡት ጥንታዊ ሞዛይኮችም ከኮስ ደሴት ተነቅለው የመጡ ናቸው። ሕንፃው ለጣሊያን ንጉሥና ለሙሶሊኒ ማረፊያ ታስቦ ነበር፤ ሙሶሊኒ አንድም ሌሊት አላደረበትም።

መግቢያው ላይ በጣሊያንኛ የተቀረጸ የድንጋይ ሰሌዳ አለ። ብዙ ጎብኚ ሳያነበው ያልፈዋል። ኢትዮጵያዊ ግን ቆም ቢል ይገባዋል። ሥራው የተፈጸመው በማን ዘመን እንደሆነ ሲናገር ቪክቶር ኢማኑኤል ሣልሳዊን የጣሊያንና የአልባኒያ ንጉሥ፣ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ይለዋል፤ ዓመቱ 1940። በማግስቱ ዓመት፣ ግንቦት 5 ቀን 1941 አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገቡ። ሰሌዳው ግን እዚያው ቀረ።

ሰሌዳውን ያስተከለው ገዥ ቼዛሬ ማሪያ ደ ቬኪ በ1922 ወደ ሮም የተደረገውን የፋሽስቶች ጉዞ ከመሩት አራቱ አንዱ ነው። ከ1923 እስከ 1928 የሶማሊያ ገዥ ሆኖ የኦቢያንና የመጀርቲንን ሱልጣኖች በጦር አንበርክኳል። ከዚያ የመጣ ሰው ሮድስ ላይ በ1936 ሲሾም ሮማን ትንሣኤ የማልበስ ሥራ ያዘ። የድንጋዩ ሥራ የሚያምር ነው ቢባል አልከራከርም። ያው ገዥ ግን ድንጋይ ሲያስጠርብ፣ በ1938 ደግሞ ሮም ያወጣችውን የዘር ሕግ በደሴቲቱ ይሁዲዎች ላይ አስፈጽሟል።

እነዚህ ይሁዲዎች አብዛኞቹ ቅድመ አያቶቻቸው በ1492 ከስፔን የተባረሩ ነበሩ፤ ላዲኖ የሚባለውን አሮጌ ስፓኒሽ ይናገራሉ። በ1577 የተሠራው ምኩራባቸው ዛሬም አለ። ሕጉ ከ1919 ወዲህ የሰፈሩትን ከደሴቲቱ አስወጣ፤ ተማሪ ቤታቸውንም ዘጋ። ከዚያ በፊትም ኑሮ ፍለጋ ወደ ቤልጅግ ኮንጎና ወደ ሮዴዥያ የሄዱ ብዙ ነበሩ። (ሮዴዥያ ስሟን ያገኘችው ከደሴቲቱ ሳይሆን ከእንግሊዛዊው ሴሲል ሮድስ ነው፤ ግጥጥሞሹ ግን ያስገርማል።) የሄዱትም የተባረሩትም ተረፉ። የቀሩት በ1943 ጣሊያን እጅ ስትሰጥ ጀርመኖች እጅ ወደቁ።

በጁላይ 1944 ወንዶቹ «ለሥራ» ተብለው ተጠሩ፤ በማግስቱ ሴቶቹና ልጆቹ ያላቸውን ወርቅ ይዘው እንዲመጡ ታዘዙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከ1,600 የሚበልጥ ሕዝብ በፀሐይ ተሰልፎ ወደ ወደቡ ተነዳና በአሮጌ የጭነት ጀልባዎች ታጨቀ። መንገዳቸው በፒሬየስ አድርጎ ወደ አውሽዊትዝ ነበር። የቱርክ ቆንስል ሰላሃቲን ኡልኩመን የቱርክ ዜጎች ናቸው እያለ ተከራክሮ አርባ ያህሉን አስለቀቀ። ከተወሰዱት የተረፉት 150 ገደማ ናቸው።

ሠፈራቸው የነበረው ቦታ ዛሬ የይሁዲ ሰማዕታት አደባባይ ይባላል። መሐሉ ላይ የባሕር ፈረስ ምስል ያለበት ፏፏቴ፣ ጥላ ሥር ደግሞ በተለያዩ ቋንቋዎች የተጻፈበት ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ዙሪያው ምግብ ቤትና የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎብኚዎች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በዚሁ በኩል ወደ ግንቡ በር ይወርዳሉ። ወደቡ ከበሩ ውጭ ነው።