የዩኒክስ የተጠቃሚዎች ፋይል ጥገና

የተጠቃሚዎች ፋይል በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች «ኢቲሲ» በተባለው ማኅደር የሚገኝ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መስመር 7 ክፍሎች አሉት፤ ከነዚህም የመግቢያ ስም፣ የተጠቃሚ ቁጥርና የግል ማኅደር ይገኙበታል። የዋናው አስተዳዳሪ («ሩት») ቁጥር 0 ነው።

ፋይሉ ከተበላሸ ማንም መግባት ላይችል ይችላል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከፍላሽ ዲስክ ይነሣና የተበላሸው ፋይል በቀድሞው ቅጂ ይተካል። በብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች ይህ ቅጂ በዚያው ማኅደር፣ በስሙ መጨረሻ ሰረዝ ተጨምሮበት ይገኛል።

ቅጂ ከሌለ መስመሮቹ በእጅ ይጻፋሉ። የሰነዶች ባለቤት በዲስኩ ላይ የሚመዘገበው በቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ፣ የቀድሞው ቁጥር ከግል ማኅደሩ ታይቶ መመለስ አለበት። ለምሳሌ የአልማዝ ቁጥር 1001 ከነበረና በስሕተት 1002 ከተጻፈ፣ ሰነዶቿ ሳይጠፉ የእርሷ መሆናቸው ይቀራል።