የካርል ፍሪስተን ስም ለምን ያን ያህል ይጠቀሳል?

ባለፈው ወር የማዕረግ ዕድገት ጥያቄ ከሚመረምር ኮሚቴ ጋር ተቀምጬ ዋልሁ። ከአምስታችን የአመልካቹን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያነበበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔም አላነበብሁም። ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ግን ሁላችንም በቃላችን እናውቅ ነበር። ክርክሩ ሁሉ በዚያች ቁጥር ላይ ሆነ፤ ትበቃለች፣ አትበቃም። ከስብሰባው ስወጣ በሐሳቤ ይመላለስ የነበረው ግን የአመልካቹ ጉዳይ ሳይሆን፣ በዚህ የቁጥር ዓለም ቁንጮ ላይ የተቀመጠ የአንድ እንግሊዛዊ ታሪክ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ካርል ፍሪስተን ይባላል፤ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የአንጎል ሳይንስ ፕሮፌሰር ነው። ጉግል ስኮላር እንደሚያሳየው ሥራዎቹ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሰዋል፤ ኤች ኢንዴክስ የሚባለው መለኪያውም ከ250 በላይ ነው። ይህም ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 250 ጊዜ የተጠቀሱ 250 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን ደክሞ 250 ጽሑፍ የጻፈ ሰው እንኳ፣ ማንም ባይጠቅሰው፣ ብዙ ሠራ ይባላል። በ2016 በአሜሪካ የሚገኘው አለን ኢንስቲትዩት ሴማንቲክ ስኮላር በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ በአንጎል ሳይንስ ከፍተኛ ተፅዕኖ ያላቸውን ሰዎች በደረጃ ሲያሰልፍ፣ ሳይንስ መጽሔት እንደዘገበው፣ አንደኛ የወጣው ፍሪስተን ነበር። በማግስቱ ዓመት ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ በጥቅስ ብዛት ተመርቶ ለኖቤል ሽልማት ይበቃሉ ካላቸው ሰዎች መካከል ስሙን አሰፈረ። ኖቤሉ እስከ 2025 ድረስ አልመጣም። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ይህን የሚያህል ቁጥር ሲከመር በትክክል የተቆጠረው ምንድን ነው የሚል ነው።

ፍሪስተን በ1959 በዮርክ ከተማ ተወለደ። ስለ ልጅነቱ የሚያነሣት አንዲት ታሪክ አለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአንድ ሞቃት ቀን፣ ግንድ ሥር የሚኖሩ ትናንሽ ተሳቢ ፍጥረታትን ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። ጥላ ፍለጋ የሚሮጡ ይመስላሉ። ቆይቶ ግን ጥላ የሚፈልግ አንድም እንደሌለ ተገነዘበ፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ይፈጥናሉ፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ይዘገያሉ፣ በዚህ ብቻ ጥላው ሥር ይጠራቀማሉ። ዓላማ የሚመስል ነገር ከተራ ሕግ ሊወለድ ይችላል ማለት ነው። ታላላቅ ሰዎች ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩትን ሁሉ እንደ ወረደ መቀበል አይገባም፤ ይህችኛዋ ግን ከኋለኛው ሥራው ጋር ስለምትገጥም አልጣልኋትም።

በካምብሪጅ ተማረ፣ በለንደን ሕክምና አጠና፣ የአእምሮ ሐኪም ሆነ። በኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው ሊትልሞር ሆስፒታል ስኪዞፍሬኒያ ሥር ከሰደደባቸው ሕሙማን ጋር ሠርቷል። ኋላ ላይ ስለዚህ ሕመም ያቀረበው መላ ምት፣ ችግሩ ያለው በአንድ የተጎዳ የአንጎል ክፍል ሳይሆን ክፍሎቹ እርስ በርስ በሚገናኙበት መንገድ ላይ ነው የሚል ነበር። ይህን ለመመርመር የሕያው ሰው አንጎል ሥራ ላይ ሳለ መታየት አለበት። ስለዚህም ወደ ለንደኑ ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ሄደ፤ በዚያ ፔት የሚባለው ምስል ማንሻ ነበር።

ፔት በደም ሥር የተሰጠን ጥቂት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እየተከተለ፣ ደም በአንጎል ውስጥ ወዴት እንደሚበረታ ያሳያል። ምስሉ ነበር፤ ምስሉን የማንበቢያ ስምምነት ግን አልነበረም። ተመራማሪው አስቀድሞ የጠረጠረውን ክፍል በእጁ ከቦ ይለካል፤ ከክቡ ውጭ ያለው ሁሉ ሳይታይ ያልፋል። የሰው አንጎል ደግሞ እንደ ፊቱ ይለያያል፤ የአበበን በከበደ ላይ ደርቦ ማወዳደር አይቻልም። የፍሪስተን መፍትሔ እያንዳንዱን አንጎል በሒሳብ ስቦና ጨምቆ ወደ አንድ የጋራ ቅርጽ ማምጣት፣ ከዚያም ምስሉን በብዙ ሺህ ትናንሽ ኩቦች ከፍሎ በእያንዳንዱ ኩብ ላይ አንድ ዓይነት የስታቲስቲክስ ቀመር ማስኬድ፣ በመጨረሻም ልዩነት የታየባቸውን ኩቦች በካርታ ላይ ማቅለም ነበር። ስሙን ስታቲስቲካል ፓራሜትሪክ ማፒንግ አለው፤ በአጭሩ ኤስፒኤም። አንድ አደጋ ነበረበት። ያንኑ ጥያቄ በ100,000 ኩቦች ላይ ብንደጋግም፣ የመሳሳት ዕድላችን ከመቶ አምስት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ 5,000 ያህል ኩቦች ያለ ምክንያት ይበራሉ። ይህን ለመግራት በካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ኪት ወርስሊ ያበጀው ስሌት ገባበት። የወርስሊን ስም ከሙያው ውጭ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ፍሪስተን ፕሮግራሙን አልሸጠውም። ከ1991 ጀምሮ ለባልደረቦቹ አደለው፤ በ1994 ደግሞ ተሻሽሎ ለፈለገ ሁሉ ተለቀቀ። (በነጻ ስል ግን፣ የተጻፈው ማትላብ በሚባል የሚሸጥ ሶፍትዌር ላይ እንዲሠራ ነው፤ ድሃ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለን ሰዎች «ነጻ» የሚለው ቃል ጅራት እንዳለው እናውቃለን።) ጊዜውም ገጠመለት። በ1992 ያለ ጨረር፣ በተራ የሆስፒታል ኤም አር አይ ማሽን የአንጎልን ሥራ መከታተል እንደሚቻል በሰው ላይ ታየ፤ ማሽኑ ያለው ሁሉ የአንጎል ተመራማሪ ለመሆን ተነሣ፣ የሚነሣውን ምስል የሚያነብለት መሣሪያም ፈለገ። በ1994 በዌልካም ትረስት ገንዘብ በለንደን ኩዊን ስኩዌር የተቋቋመው ቤተ ሙከራ ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን ሥልጠናውንም ሰጠ። በኤስፒኤም ካርታውን የሠራ ሁሉ በጽሑፉ መጨረሻ የፍሪስተንን ስም ማስፈር ነበረበት።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በ2000 ኤሊኖር ማጓየርና ባልደረቦቿ የለንደን ታክሲ ነጂዎችን አንጎል አጠኑ። የለንደን ታክሲ ነጂ ፈቃድ ለማግኘት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጎዳናዎችን በቃሉ ማጥናት አለበት፤ ዓመታት ይፈጃል። የ16 ነጂዎች አንጎል ታክሲ ከማይነዱ 50 ሰዎች ጋር ሲነጻጸር፣ ለቦታ ትውስታ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ የኋላው ክፍል በነጂዎቹ ሰፍቶ ተገኘ። ጥናቱ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ከደራሲዎቹ ስም ዝርዝር ውስጥ ፍሪስተን የለም፤ ልኬቱ ግን ከኤስፒኤም ቤት በወጣው ስልት የተሠራ ነው። በጥር 2025 ያረፈችው ማጓየር የራሷ ጥያቄ ነበራት፤ መለኪያውን ግን ከጎረቤት ክፍል አገኘችው።

እንዲህ ያለው ጥቅስ ምስጋና ነው፤ መሣሪያ የተዋሰ ሰው የሚጽፈው የብድር ደብዳቤ። ፍሪስተን በዚህ ብቻውን አይደለም። በሳይንስ ታሪክ ከሁሉ በላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ ኦሊቨር ላውሪ በ1951 ያወጣው የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነው፤ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ላውሪ ራሱ ትልቅ ጽሑፍ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል።

ቆጠራው ከየት መጣ? ዩጂን ጋርፊልድ የጥቅስ ማውጫን ሐሳብ በ1955 ሲያቀርብ አርአያው ከአሜሪካ ጠበቆች የተወሰደ ነበር። ጠበቆቹ አንድ የፍርድ ውሳኔ በኋለኞቹ ችሎቶች የት የት እንደተነሣ፣ ጸንቶ እንደሆነ ወይም ተሽሮ እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ነበራቸው። ጋርፊልድ ማውጫውን በ1964 ለሳይንስ ሲያደርሰው «ጸና» እና «ተሻረ» የሚሉት ምልክቶች አብረው አልመጡም፤ የቀረው መጠቀሱ ብቻ ነው። በ2005 ሆርጌ ሂርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ይህን ሁሉ ወደ አንዲት ቁጥር አጠፈው፤ ኤች ኢንዴክስ እሷ ናት። በ2020 ሂርሽ ራሱ መለኪያው ያልታሰበ ብርቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ጻፈ። ያን ጊዜ ግን ቁጥሯ በየዩኒቨርሲቲው ደንብ ውስጥ ገብታ ነበር። ሹማምንት ቁጥር ይወዳሉ፤ ቁጥር አንብብ አይልም።

ወደ ፍሪስተን ልመለስ፤ ሁለተኛ ፍሪስተን አለና። ከ1998 እስከ 2001 የኮምፒውተር ሊቁ ጄፍሪ ሂንተን (በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው) በዚያው በኩዊን ስኩዌር ሠፈር ይሠራ ነበር። ፍሪስተን ከእሱ ጋር በመወያየት አንድ ሐሳብ አዳበረ፦ አንጎል ስለ ውጭው ዓለም ዘወትር ይገምታል፤ ግምቱ ሲሳሳት ወይ ግምቱን ያርማል፣ ወይ ዓለሙን ከግምቱ ጋር እንዲገጥም ይለውጣል። የዚህን ሒሳብ ከ2006 ጀምሮ «የነጻ ኃይል መርሕ» በሚል ስም አወጣ፤ በ2010 የአንጎል አጠቃላይ ንድፈ ሐሳብ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ በታወቀ መጽሔት ጠየቀ። ያች ልጅነቱን ያስደነቀች ተሳቢ ፍጥረት በሒሳብ ልብስ ተመለሰች ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሐሳብ የዘመኑ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሊነበብ አይችልም፣ በሙከራም ሊፈረስ አይችልም ይላሉ። ፍሪስተን መርሑ በሙከራ የሚፈርስ ዓይነት አለመሆኑን አይክድም። እኔ በበኩሌ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ሒሳቡ ላይ ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ አልፈርድም። የምለው ቆጣሪው ፕሮግራም ሁለቱን ፍሪስተኖች እንደማይለይ ነው። መሣሪያውን የተዋሱት ሰዎች ምስጋና ንድፈ ሐሳቡ ላይ እንደ ዘውድ ተጭኗል።

ደረጃው በወጣበት በዚያው በ2016 ሌላ ነገርም ሆነ። ስዊድናዊው አንደርስ ኤክሉንድና ባልደረቦቹ አንዳች ሥራ ሳይሰጣቸው ዝም ብለው የተኙ 499 ጤነኛ ሰዎችን ምስል ወስደው፣ በሦስት ታዋቂ ፕሮግራሞች (አንዱ ኤስፒኤም ነው) ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ፍተሻዎችን አካሄዱ። የሚገኝ ነገር ስለሌለ የተሳሳተ ውጤት ከመቶ አምስት መብለጥ አልነበረበትም። ኩቦችን በቡድን በሚመዝነው ስልት ግን አንዳንዱ እስከ ከመቶ 70 ደረሰ። መጀመሪያ 40,000 ጥናቶች ተጠራጣሪ ሆኑ የሚል ወሬ ወጣ፤ ደራሲዎቹ አረሙት፣ ከመካከላቸው አንዱም ቁጥሩን ወደ 3,500 ገደማ አወረደው። የፍሪስተን ወገን ደግሞ ጠበቅ ያለ መነሻ መመዘኛ የተጠቀመ ሰው ችግር እንደማይገጥመው አሳየ፤ ጥፋቱ ልል መመዘኛ የመረጡት ተጠቃሚዎች ነው ማለት ይመስላል። እኔ ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው እላለሁ። ሆኖም በልል መመዘኛ የተሠራውም፣ በጥንቃቄ የተሠራውም፣ ስሕተቱን ያጋለጠውም ጽሑፍ ኤስፒኤምን ጠቅሷል፤ በሦስቱም ቁጥሩ አደገ። ጠበቆቹ ቢሆኑ ኖሮ ምልክት ያኖሩበት ነበር።

ቁጥሩ ገንዘብም ሆኗል። ብዙዎቹ የኤስፒኤም ጽሑፎች የወጡበት ኒውሮኢሜጅ የተባለው መጽሔት በብዛት ስለሚጠቀስ፣ አሳታሚው ኤልዝቪየር ለአንድ ጽሑፍ ማሳተሚያ 3,450 ዶላር ይጠይቅ ነበር። በሚያዝያ 2023 ከ40 የሚበልጡት አዘጋጆች ይህን ተቃውመው በአንድነት ለቀቁና በኤምአይቲ ፕሬስ ሥር ሌላ መጽሔት አቋቋሙ። ያ ገንዘብ እዚህ አገር ያለ የዩኒቨርሲቲ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። በነጻ የተሰጠ መሣሪያ፣ በምስጋና መልክ የተቆለለ ቁጥር፣ ከዚያ ቁጥር ላይ የተሰበሰበ ኪራይ፤ መንገዱ ይህን ይመስላል።

ያን ዕለት ማታ የአመልካቹን ጽሑፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብሁት። የተጠቀሰው አራት ጊዜ ነው። አራቱንም ፈልጌ አገኘኋቸው፤ ሦስቱ የወሰዱት በአባሪው ያለውን ሰንጠረዥ ብቻ ነው፣ ዋናውን ክርክር የነካ የለም። አራተኛው የተቃወመው ነው፤ ያነበበውም እሱ ብቻ ይመስለኛል። ኮሚቴው ማክሰኞ እንደገና ይሰበሰባል።