ደረጃ የወጣላት ሽሪምፕ

ርዝመቷ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቀኑን ሙሉ በአኳሪየም ውስጥ ከቅጠል ወደ ቅጠል እየዞረች ትለቅማለች፤ በቃ፣ ሥራዋ ይሄ ነው። ሆኖም ለዚህች ትንሽ እንስሳ ከሲ ተነስቶ እስከ ትሪፕል ኤስ የሚደርስ ደረጃ ወጥቶላታል። በአንድ ውሃ ያደጉ፣ ምናልባትም ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ሽሪምፖች ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ምክንያቱ ደግሞ ጀርባቸው ላይ ያለው ነጭ ቀለም ነው። ይህን መሰላል ማን አቆመው? እስቲ ከመጀመሪያው እንይ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሽሪምፕ ወደ ቤት አኳሪየም ስትገባ በሠራተኝነት ነበር የገባችው። ጃፓናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ታካሺ አማኖ በ1980ዎቹ የተክል አኳሪየምን እንደ ጥበብ ሲያስፋፋ፣ አልጌ ያስቸግረው ነበር። ያንን አልጌ ለቅማ የምትጨርስለት አንዲት ሽሪምፕ አገኘ፤ ዛሬም በስሙ አማኖ ሽሪምፕ ትባላለች። መልኳ የሚያስጎመጅ አይደለም፤ ከተክሉ መሀል ፈልጎ ማግኘቷ ራሱ ይከብዳል። የምትመዘነው በሥራዋ ነበርና ለጀርባዋ ቀለም ፊደል የሰጠ ሰው አልነበረም።

ከሆንግ ኮንግና ከደቡብ ቻይና ጅረቶች ደግሞ ሌላ ሽሪምፕ ወደ ጃፓን ትገባ ነበር። ጥቁርና ነጭ መስመር ስላላት «ንብ ሽሪምፕ» አሏት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሂሳያሱ ሱዙኪ የሚባል አርቢ ከነዚህ ሽሪምፖች መሀል አንዲት ለየት ያለች አየ። ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ሁሉ ቀይ ነው።

ችግሩ፣ አንዲት ቀይ ብቻዋን ዘር አትሆንም። የቀይነቱ ዘረመል ድብቅ ነው። ልጅ ቀይ ሆና እንድትወለድ ከእናትም ከአባትም መውረስ አለባት፤ ከአንዳቸው ብቻ ከወረሰች ጥቁር ሆና ትወለዳለች፣ ቀዩን ግን በውስጧ ይዛ ትዞራለች። መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በ1866 ባሳተመው የአተር ጥናቱ ያሳየው ሕግ ነው። ቀይዋ ከንጹህ ጥቁር ጋር ብትዳቀል የመጀመሪያዎቹ ልጆች በሙሉ ጥቁር ይሆናሉ። ነገሩን የማያውቅ ሰው እዚህ ጋ «አለቀ፣ ቀዩ ጠፋ» ብሎ ይተወዋል። እነዚያ ጥቁር ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ግን ከ4 አንዱ ገደማ ቀይ ሆኖ ይመለሳል።

ሱዙኪ አልተወውም። ቀዮቹን እየለየ፣ መልሶ እያዳቀለ ቀጠለ። ሥራው ትዕግስት ይፈልጋል፤ እናቲቱ እንቁላሎቿን ከሆዷ ስር አቅፋ አንድ ወር ያህል ትቆያለች፣ የሚፈለፈሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ቢሆኑ ነው። በ1996 ለአዲሷ ሽሪምፕ የንግድ ስም ተመዘገበላት፦ ክሪስታል ሬድ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዚህችን ስም ግን ያወጣው ገበያ ነው፤ ገበያ ደግሞ ስም አውጥቶ ዝም አይልም፣ ደረጃም ያወጣል። ሲ ታች ነው፤ ነጩ ስስ፣ ሰውነቷ ውስጡን የሚያሳይ። ቢ እና ኤ ላይ ቀዩና ነጩ እየጠራ ይመጣል። ከኤስ ወደ ደብል ኤስና ትሪፕል ኤስ ሲወጣ ነጩ እንደ ወተት ይደፈናል፣ እየሰፋ ይሄዳል፣ ቀዩ ቦታ ይለቅለታል። በነጭ ጀርባዋ ላይ ክብ ቀይ የቀረላት «ሂኖማሩ» ትባላለች፤ የፀሐይ ክብ ማለት ነው፣ የጃፓን ባንዲራ መጠሪያ። ቀዩ ክብ ውስጥ ነጭ ያረፈባት በመንገድ ምልክቱ ስም «መግባት ክልክል ነው» ተባለች። ከፊቷ አካባቢ በስተቀር ነጭ የለበሰችው ደግሞ «ሞሱራ» ናት፤ በ1961 በወጣው የጃፓን ፊልም ውስጥ ባለችው ግዙፍ የእሳት ራት ስም።

ይህን የሚመዝነው ዓይን በጃፓን ቀድሞም ነበር። የኒጋታ ተራራማ መንደሮች ገበሬዎች ለምግብ ከሚያረቧቸው የካርፕ ዓሣዎች መሀል ባለቀለሞቹን እየለዩ ኮይ የሚባሉትን አፍርተዋል፤ በ1914 ቶኪዮ ላይ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ቀርበው አገር አወቃቸው። በቀይና ነጩ ኮይ ላይም ነጩ ምን ያህል ንጹህ ነው፣ የቀዩ ጠርዝ ምን ያህል ስል ነው ተብሎ ይታያል። ሽሪምፗ ስትመጣ መለኪያው ተዘጋጅቶ ጠበቃት ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሱዙኪን ያስገረመው ቀዩ ነበር፣ የንግድ ስሙም የቀይ ነው። ደረጃው ለምን ለነጩ ያደላል? ቀይ ከቀይ ሲዳቀል ልጆቹ ሁሉ ቀይ ናቸው። አንዴ ዘሩ ከጸና በኋላ ቀይነት ማንንም ከማንም አይለይም፣ ተራ ነገር ይሆናል። ደረጃ ደግሞ ልዩነት ካላገኘ መቆም አይችልም። ነጩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያልና መሰላሉ እሱ ላይ ተደገፈ።

ወደ ላይ መውጣት ማለት ማጣራት ነው። አርቢው ከየትውልዱ ጥቂቶቹን ያስቀራል፤ የተቀሩት ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወራሉ፣ አንዳንዴም የዓሣ ምግብ ይሆናሉ። ከጥቂት ቀይ ወላጆች በተነሳ ዘር ላይ ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል ጥንካሬው ይቀንሳል። አርቢዎቹም ይህን አያጡትም፤ ባለከፍተኛ ደረጃዎቹ ይበልጥ ስስ ናቸው ይላሉ፣ ዘሩ ሲደክምባቸው ጥቁሮቹን መልሰው ያስገባሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የዱሯ ዘመዷ በሳይንስ የራሷ ስም አልነበራትም። በ1938 የተገለጸችው ካሪዲና ካንቶኔንሲስ በምትባል ሌላ ዝርያ ስም ነበር የምትጠራው። ቨርነር ክሎትስ እና ቶማስ ፎን ሪንተለን የጌጥ ሽሪምፖቹን ከጅረት ከተያዙት ጋር አመሳክረው ካሪዲና ሎገማኒ ብለው የሰየሟት በ2014 ነው። የንግድ ስሙ ከተመዘገበ 18 ዓመት በኋላ! ለልጇ ጀርባ ስድስት ዓይነት ፊደል የቆጠረ ዓለም እናቲቱን ገና አላወቃትም ነበር። ያቺ የጅረት ሽሪምፕ ዛሬ በመሰላሉ ብትለካ ታች ነው የምትቀመጠው።

ገንዳው ውስጥ ግን ጅረቱ አሁንም አለ። ትሪፕል ኤስም ሆነች ሲ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ አሲድነት ያለው፣ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ የሚሆን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ትፈልጋለች። ለዚህ ሲባል ፒኤቹን ወደ 6 አካባቢ የሚያወርድ ልዩ አፈር ከስር ይነጠፋል፣ ማዕድኑ የተጣራለት ውሃ ይዘጋጃል። ነጩ ደግሞ እንደ ቀዩ አንዴ ጸንቶ አይቀርም። አርቢው መምረጡን ትቶ ጥቂት ትውልድ ዝም ቢላቸው፣ ልጆቹ ቀይ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ነጩ ግን ቀስ በቀስ እየሳሳ፣ ደረጃውም ወደ ሲ እየወረደ ይሄዳል።