የይፋግ ውሻ

ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሞሌ ጨው ንግዷ የታወቀች ገበያ ነበረች። የነጋዴውና የበቅሎው ነገር ሲወሳ፣ ደጅ የሚጠብቀው ውሻ ግን እምብዛም አይነሣም። ዘሩ ድብልቅ ነው፤ ልጆች ፍርፋሪ እየሰጡ ያላምዱታል፤ ቤተሰቡም የሚያውቀው በጠጉሩ ቀለምና በጩኸቱ እንጂ በትውልድ ሐረጉ አይደለም።

በሳይንስ ጽሑፍ ስሙ የተነሣው በክፉ ቀን ነው። በ1997 ዓ.ም. ይፋግ በምትገኝበት በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላዛር ወረርሽኝ ታወቀ፤ በሽታው አስቀድሞ ወባ መስሎ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ውሻ ባለበት ቤት የሚኖሩና ከግራር ሥር የሚተኙ ሰዎች ይበልጥ ለበሽታው እንደሚጋለጡ አመለከተ። ይህ ግን በውሻው ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ በአገራችን ካላዛር በአብዛኛው በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ይታመናል። ምናልባት ውሻው ዝንቧን ወደ ደጅ ይስብ ይሆናል፤ ምናልባትም ጥፋቱ ከከብቱ ጋር ውጭ የማደር ልማድ ነው።