የሚያንቀጠቅጠው ዓሣ፣ የቆላው ትኩሳትና የሚዛን ስሜት
በገለጉ ከተማ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ከጎንደር ወደ ቋራ ወርጄ በዚህ በገለጉ ከተማ እንድናገር ስለተጋበዝሁ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። የዚህ ቆላ ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት የቋራው ካሣ ኃይሉና የመተማው ጦርነት ናቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ንጉሥም ጦር ሜዳም የሌለበትን ታሪክ ነው፤ ስለ አንድ ዓሣ፣ ስለ አንድ ትኩሳትና ቀጥ ብለን እንድንቆም ስለሚያደርገን ስሜት። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ የሰው ልጅ ኤሌክትሪክን በገዛ ሰውነቱ ላይ ሲያውል ምን እንደሠራለት በእርግጥ ያወቀው እንዴት ነው? ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ጽፎ በ1681 በፍራንክፈርት አሳተመ። ሉዶልፍ አገራችንን በዓይኑ አላየም። ቋንቋችንንና ስለ አገሩ ያወቀውን አብዛኛውን ነገር ያገኘው በ1649 በሮም ከተዋወቀውና በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ካስመጣው ከአባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ ነው፤ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንንም ጽሑፎች ተጠቅሟል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስለሚያደነዝዝ ዓሣ የተጻፈ አጭር ክፍል አለ። ሐተታው በራሴ አነጋገር እንዲህ ነው፦ ሐበሾች በየሦስተኛውና በየአራተኛው ቀን የሚመላለስን ትኩሳት በዚህ ዓሣ ያክማሉ። ታማሚው በገበታ ላይ ጠንክሮ ይታሰራል፤ ዓሣው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረጋል፤ ታማሚው በመላ አካሉ ጽኑ ሥቃይ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ አይመለስም።

ይህ ዓሣ ተረት አይደለም። በናይል ተፋሰስ ቆላማ ወንዞች የሚኖር፣ የአምባዛ ዘመድ የሆነ፣ ሰውነቱ እስከ 350 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዓሣ ነው። በሳቃራ በሚገኘው በግብፃዊው ሹም በቲ መቃብር ግድግዳ ላይ ከተቀረጸ ከ4000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1200 ገደማ ግብፅን የጎበኘው የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱል ለጢፍም ጽፎለታል። የዐረብኛ ስሙ ረዓድ ነው፤ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው። ግእዝ የተማራችሁ የቃሉን ሥር ሳታውቁት አትቀሩም፤ ርዕደ ማለት ተንቀጠቀጠ፣ ረዓድም መንቀጥቀጥ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ሥር ይቀዳሉ።

ሉዶልፍ የጻፈው ሕክምና በቋራ ተፈጸመ አልልም። ገጹን እዚህ ማንበብ የመረጥሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። የገለጉና የአይማ ወንዞች ወደ ድንድር፣ ድንድርም ወደ ዓባይ ስለሚፈስሱ የዚህ ምድር ውኃ የዓሣው አገር ውኃ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ በየሦስተኛውና በየአራተኛው ቀን የሚመላለሰው ትኩሳት እናንተ ከማንም ይልቅ የምታውቁት ወባ መሆኑ ነው። ወባ ከቆላው አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ ምን እንደሚያደርስ የ1958ቱ ወረርሽኝ አሳይቷል፤ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150000 ያህል እንደሞቱ ተገምቷል።

እንግዲህ ዓሣው ወባን ያድን ነበርን? የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በደም ሴሎች ውስጥ ይራባል፤ ሴሎቹ በአንድነት ሲፈነዱ ትኩሳቱ ይነሣል፤ ከዚያ ለ48 ወይም ለ72 ሰዓት ያህል ይተኛል። ትኩሳቱ በራሱ በሚበርድበት ቀን የተደረገ ሕክምና ሁሉ ያዳነ ይመስላል። አንዳንዱ የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ታማሚው ከአካሚው መንደር ርቆ ሊሆን ይችላል። የሞተውም ተመልሶ አይመሰክርም። ስለዚህ አካሚው ውሸታም ሳይሆን፣ ታማሚውም ሞኝ ሳይሆን፣ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችሉ ነበር።

ይህ ስሕተት የሐበሻ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦንዮስ ላርጉስ የባሕሩን አደንዛዥ ዓሣ ለራስ ምታትና ለሪህ አዝዟል። በ1745 ገደማ የላይደን ጠርሙስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ከተሠራ በኋላም የአውሮፓ ሐኪሞች ሽባውንም ደንቆሮውንም በኤሌክትሪክ ሲመቱ ኖረዋል። ዓሣውም ጠርሙሱም የሚሰጡት ድንገተኛ፣ ከዓይን ጥቅሻ ያጠረ ምት ነው። ታማሚው ይደነግጣል፣ ያመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እያንዳንዱ እንደ ተስፋው ይተረጕመዋል።

ነገሩን የለወጠው በ1800 የመጣው የአሌሳንድሮ ቮልታ ባትሪ ነው። ባትሪው ኤሌክትሪክን በምት ሳይሆን እንደ ምንጭ ውኃ ሳያቋርጥ ያፈስሳል። ቮልታ ሁለት የብረት ዘንጎች በጆሮዎቹ አስገብቶ ከባትሪው ጋር ሲያገናኛቸው ራሱን እንደ መታው፣ ቀጥሎም ወፍራም ነገር ሲፈላ የሚመስል ድምፅ እንደ ሰማ በዚያው ዓመት ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ በላከው ደብዳቤ ገልጿል። አደጋውን ፈርቶም ሙከራውን አልደጋገመውም። በ1820 የቦሄምያው ሊቅ ያን ፑርኪንዬ ስለ ራስ መዞር ባወጣው ጥናት በራስ ላይ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሚዛንን እንደሚያናጋ ጻፈ። በ1871 ኤድዋርድ ሂትሲሽ ፍሰቱ ከራስ መዞር ጋር ዓይንን እንደሚያንቀሳቅስ አሳየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዮሴፍ ብሮየርና ኤርንስት ማኽ ምንጩ በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛን አካል መሆኑን አስረዱ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ከፊል ክብ ቱቦዎች አሉ፤ ከአጠገባቸውም ማዘንበልን የሚለዩ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ይገኛሉ። የሁለቱ ጆሮ ነርቮች ሳያቋርጡ መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም ያነጻጽራቸዋል። ዛሬ ተመራማሪዎች ከሁለቱ ጆሮዎች ኋላ ባለው አጥንት ላይ፣ ከቆዳው ውጭ፣ ሁለት ልጣፎች አድርገው 1 ሚሊ አምፔር ያህል ፍሰት ሲለቁ በአሉታዊው ጫፍ ወገን ያለው ነርቭ መልእክቱን ያፈጥናል፤ በአዎንታዊው ወገን ያለው ያዘገያል። አንጎልም ሰውነት ወደ አሉታዊው ወገን የወደቀ ይመስለዋል፤ ለማረምም ሰውነቱን ወደ አዎንታዊው ያዘነብላል። እግሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የቆመ ሰው ይህ ሲደርስበት አጠገቡ ያለ ሁሉ ያየዋል።

ልዩነቱን ልብ በሉ። መዘንበሉን ከታማሚው ሌላ ሰው ያየዋል። ወደ የት እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር ይቻላል። የባትሪው ጫፍ ሲገለበጥ አቅጣጫውም ይገለበጣል፤ ፍሰቱ ሲቋረጥ ያቆማል። በገበታው ላይ የታሰረው ሰው ትኩሳት ከእነዚህ አንዱንም አያሟላም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሕክምና ታሪክ እውነተኛ መለኪያ ያገኘው የሰው ሚዛን በተናጋ ጊዜ ነው እላለሁ።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ዛሬው እንምጣ። በ2000 ሚካኤል ኒቼና ቫልተር ፓውሉስ በጀርመን በጎቲንገን ከተማ በራስ ቅል ላይ የሚለቀቅ ደካማ ፍሰት የአንጎልን የእንቅስቃሴ ክፍል ንቁነት እንደሚለውጥ፣ ለውጡም ፍሰቱ ካቆመ በኋላ ለደቂቃዎች እንደሚቆይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በስትሮክ፣ በፓርኪንሰን ሕመምና በእርጅና ሚዛናቸው ለተናጋ ሰዎች ብዙ ሙከራ ተደርጓል። ውጤቱ ግን የተደባለቀ ነው፤ አንዱ ጥናት ያገኘውን ሌላው አያገኘውም። በደህና የተሠሩት ጥናቶች የማስመሰያ ሕክምና አላቸው፤ መሣሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ቆዳውን ካሳከከ በኋላ በድብቅ ይጠፋል፤ ታማሚውም እውነተኛው የቱ እንደሆነ አያውቅም። የሉዶልፍ ገጽ የጎደለው ይህ ነበር።

ነገሩ ለዚህ ቆላ ሩቅ አይደለም። ፑርኪንዬ ጥናቱን ባወጣበት በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ከሲንኮና ቅርፊት ኪኒንን ለዩ፤ ወባን በእርግጥ የሚዋጋው መድኃኒት ይህ ነበር። ስሙም በአማርኛ የእንክብል ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። የዋጠው ሰው ግን ጆሮው ይጮኻል፣ ራሱም ይዞራል። ከመተማ እስከ ሑመራ ባሉት እርሻዎች የቀን ሠራተኛውን የሚያጠቃው ካላዛር በሁለት መርፌዎች ጥምረት ለ17 ቀን እንዲታከም የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መክሯል፤ ከሁለቱ አንዱ ፓሮሞማይሲን ነው። ይህም እንደ ዘመዶቹ እንደ ስትሬፕቶማይሲንና እንደ ጄንታማይሲን የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። በሰው ጆሮ ውስጥ የሞቱት የሚዛን ሴሎች እንደ ቀድሞው ተመልሰው አይበቅሉም። የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ የሚኖር ሰው ሚዛኑን ካጣ እንጀራውን አጣ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሕይወት ያድናልና ይሰጥ፤ ነገር ግን ለጤና ሙያ የምትሰለጥኑ ተማሪዎች ታማሚውን ከሕክምናው በፊትና በኋላ እግሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲቆም ጠይቁት፤ ቢወድቅ የሚይዘው ሰውም በአጠገቡ ይቁም። ይህ ፍተሻ ብቻውን መንስኤውን አይናገርም፤ ገንዘብም መሣሪያም ግን አይጠይቅም።

ሉዶልፍን ጠቅሰው «ኤሌክትሪክን ቀድመን ያገኘን እኛ ነን» የሚሉ አሉ፤ ሁሉን ድንቁርና ብለው የሚያልፉም አሉ። ሁለቱም ገጹን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም። አባቶቻችን የዓሣውን ኃይል ያውቁ ነበር፤ በሽታውንም በቀን አቆጣጠሩ ለይተውታል። የቀራቸው ያልታከመውን ከታከመው ጋር ማነጻጸር ነው፤ ያም በዘመኑ በየትም የተለመደ አልነበረም። በገበታው ላይ የታሰረው ሰው ስሙ አልተጻፈም፣ ፈቃዱ መጠየቁም አልተጻፈም። ዛሬ በታማሚ ራስ ላይ ልጣፍ የምናስቀምጥ ሁሉ ሁለቱን ዕዳዎች እንክፈልለት፤ ፈቃዱን እንጠይቅ፣ ያልሠራውንም ሠራ አንበል።