ምድር ስትናወጥ ማን ጻፈ?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ የመሬት መንቀጥቀጥን ጥናት ለቁጥር ሰዎች ትቶ ማለፉ የተለመደ ነው። እኔ ግን ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዌን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመውን መጽሐፍ ሳገላብጥ ከቀመሩ ጎን ዜና መዋዕልና የተጓዦች ማስታወሻ አገኘሁ። ምክንያቱም በእርሱ መሪነት አዲስ አበባ ላይ የምድር ንዝረት መመዝገቢያ ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ላለው ረጅም ዘመን ዋናው ምስክር ብዕር ነው።

አንድ ከተማ ወደፊት ምን ያህል ሊናወጥ እንደሚችል የሚገምት ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያለፈውን ነው፤ የት? መቼ? በምን ብርታት? ከዚያ በኋላ ንዝረቱ በርቀት እንዴት እንደሚደክም፣ የከተማው አፈር ደግሞ እንዴት እንደሚያጎላው ያሰላል። (አለት ላይ የቆመ ቤትና መረሬ ላይ የቆመ ቤት እኩል አይወዛወዙም።) እንግዲህ ጸሐፍያኑ ቤተ መንግሥቱንና ገዳሙን ተከትለው የሚጽፉ ስለነበሩ፣ የቆላው አርብቶ አደር ምድር ሲናጥ በአጠገቡ ብራና የያዘ ሰው አልነበረም። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የፈረሰችው ሰርዶ በአሰብ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ነበረች። መንገዱ ሳይሠራ በፊት ያው ምድር ስንት ጊዜ እንደተናወጠ ማን ቆጠረ? የመዝገቡን ዝምታ የምድር ሰላም አድርጎ መቁጠር እጅግ ያሰጋኛል።

ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ መጠኑ ከ6.5 በላይ እንደነበር ይገመታል። አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከተማዋ ያኔ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ገደማ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው ነዋሪ በእንጨትና በጭቃ በተሠራ፣ ሣር በለበሰ ጎጆ ያድር ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ቢወዛወዝም ክብደቱ ቀላል ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ስትፈርስም አዲስ አበባ የዛሬዋ የፎቅ ከተማ አልነበረችም። ያ ሁሉ ዛሬ ቢደገም የሚያገኘው ሲሚንቶና ብረት ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ ምድር በተደጋጋሚ ስትናወጥ፣ በአዲስ አበባ ፎቆች የሚኖረው ሰው ሌሊት ደረጃ እየወረደ ወደ ግቢ መውጣቱን እናስታውሳለን። ያውም ያ ንዝረት የተነሣው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ መሠረቱ በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ ንዝረት ነበር። የ2015ቱ ደንብ ዘመኑን ወደ 475 ዓመት አሳደገው፤ ይህም በ50 ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ አሥር በመቶ የሆነ ንዝረት ማለት ነው። መልካም እርምጃ ነው። በሁለቱ ደንቦች መካከል በነበሩት ሃያ ዓመታት የተገነቡት ፎቆች ግን፣ ደንብ ተከትለው ከሆነ፣ የቆሙት በ100 ዓመቱ ስሌት ነው፤ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።