532፦ ጎንደር ገና ያልደረሰችበት ቁጥር

እኛ የሳንጃ ወጣቶች የዘንድሮ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ስንጠየቅ ስልካችንን እንከፍታለን። መሪጌቶቹ ግን ጣታቸውን ቆጥረው ይነግሩናል። ትምህርቱ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ትልቁ ቁጥሩ 532 ነው፤ ሊቃውንቱ «ዐቢይ ቀመር» ይሉታል።

ለምን 532 ሆነ? ምስጢር ነው የሚሉ አሉ። እስቲ እንበትነው። ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ትሆናለች። ሳምንት በ7 ቀን ይዞራል። ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ወደ ተነሣችበት ቀን ትመለሳለች። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የሚገጥሙት ሲባዙ ብቻ ነው፦ 4 × 7 × 19 = 532። የጨረቃው ቁጥር 20 ቢሆን ኖሮ፣ 20 ለ4 ስለሚካፈል፣ ዑደቱ 140 ዓመት ላይ ባለቀ ነበር። ምስጢሩ ይኼው ነው።

እንፈትነው። በ2000 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 19 ዋለ። 532 ዓመት ወደ ኋላ ስንቆጥር 1468 ላይ እንደርሳለን፤ ዐፄ በእደ ማርያም በዙፋን ላይ ነበሩ፣ ፋሲካውም ሚያዝያ 19 ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቀመሩን ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጣል። የ532 ዓመቱን ሰንጠረዥ ያዘጋጀው ደግሞ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረው የእስክንድርያ መነኩሴ አንያኖስ መሆኑ ይነገራል። ሰማይ ግን ለቁጥር ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም፤ ጨረቃ ከሒሳቡ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትንሸራተታለች። አውሮፓውያን በራሳቸው አቆጣጠር በ1582 ይህን አረሙ። ዋጋውም ቀላል አልነበረም፦ የእነሱ ፋሲካ ሙሉ ዑደቱን የሚጨርሰው በ5,700,000 ዓመት ነው!

«ታዲያ ስልክ እያለ ምን አስጨነቀን?» ትሉ ይሆናል። ፋሲካውንስ ስልኩ ይነግረናል፤ ብራናውን ግን አያነብልንም። በድሮ ጽሑፎች «ዓመተ ምሕረት» ሁልጊዜ የዛሬው ማለት አይደለም። የሰማዕታት ዘመን መቆጠር የጀመረው በ277 ነው። ሁለት ጊዜ 532 ስንጨምርበት 1341 ይመጣል፤ አንዳንድ ጸሐፍትም ያንን ዓመት 1 ብለው ይቆጥራሉ። ስለዚህ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩበት 1628 በዚህ አቆጣጠር 288 ዓመተ ምሕረት ነው። 1340 መደመር እንዳለበት የማያውቅ አንባቢ የፋሲልን ዘመን ከአክሱም ነገሥታት ጎን ያስቀምጠዋል። የገዛ ታሪካችን ቁልፍ እንዲህ በአንድ መደመር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መሪጌቶቻችን ደግሞ እያረጁ ነው። ሒሳቡ አራቱን መደብ ከሚችል ተማሪ አቅም በላይ አይደለም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ብንቀመጥ እንይዘዋለን።

በነገራችን ላይ፣ ጎንደር የመጀመሪያ ዐቢይ ቀመሯን የምትሞላው በ2160 ነው። እኛ አንደርስም። የሚደርሱት ግን ቁጥሩን ከኛ መስማት ይኖርባቸዋል።